አረንጓዴ እየበራ የማይሠራ ቪፒኤን፦ ከቤት ኮምፒውተር ወደ ቢሮ

ጥያቄው፦ «ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ቢሮ አዲስ አበባ ነው። ከቤት ሆኜ እንድሠራ ሲፈቀድልኝ የአይቲ ክፍሉ የዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም ነው) ፋይል በቴሌግራም ላከልኝ። ዊንዶውስ 10 ያለው ዴስክቶፕ ላይ ጫንኩት። አረንጓዴ ይበራል፤ ግን የቢሮው ሼርድ ፎልደርም የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም አይከፈትም። አንዳንዴ ጭራሽ ኢንተርኔቱ ሁሉ ይጠፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ስልኬ ላይ ያለው ነፃ ቪፒኤን ያለ ምንም ጣጣ ይሠራል፤ በእሱ ብገባ አይሆንም?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይሆንም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ስልክዎ ላይ ያለው ነፃ ቪፒኤን ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ድረስ ወስዶ ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ይለቅዎታል። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ ታግደው በነበሩ ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን የሚለውን ነገር የተዋወቀው በዚህ መልኩ ነው። ቢሮዎ የሰጠዎት ግን አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር የሚገኝበት ኔትወርክ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ነፃው የቢሮዎን ፎልደር አያውቀውም፤ ቢያውቀውም የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ማን እንደሚያስተዳድረው በማይታወቅ ሰርቨር በኩል መላክ ጥሩ አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት ኢንተርኔት ካለ ነው። መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ የትኛውም ቪፒኤን መንገድ አይፈጥርም።

ወደ ዋናው ችግር እንሂድ። ከዘረዘሩት ምልክት ስነሣ የተበላሸው ዋየርጋርዱ አይመስለኝም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበውብዎታል፦ የቤትዎና የቢሮዎ አድራሻ መጋጨት፣ የኮምፒውተርዎ ሰዓት፣ እና ፒችትሪን የከፈቱበት መንገድ። ግን ከመገመት እየለዩ መሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ አጫጫኑን እናጥራ። ዋየርጋርድን ከራሱ ይፋ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከሰው ፍላሽ የተገለበጠውን አይጫኑ። ፕሮግራሙን ሲከፍቱት «ኢምፖርት ታነል ፍሮም ፋይል» የሚል ምርጫ ያገኛሉ፤ የተላከልዎትን ፋይል ይምረጡለት። የተጫነውን ታነል (ከኮምፒውተርዎ እስከ ቢሮው የሚዘረጋውን የተመሰጠረ መንገድ) መርጠው «ኤዲት» ሲሉ የፋይሉ ይዘት ይታያል። ፊደሉ እንግሊዝኛ ነው፤ አነባበቡን በኛ ፊደል እጽፋለሁ። ሁለት ክፍል አለው። «ኢንተርፌስ» የሚለው ስለ እርስዎ ኮምፒውተር ነው፦ «ፕራይቬት ኪ» የእርስዎ ምስጢር፣ «አድሬስ» በታነሉ ውስጥ የተሰጠዎት ቁጥር፣ «ዲኤንኤስ» ደግሞ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ሰርቨር። «ፒር» የሚለው ስለ ቢሮው ነው፦ የቢሮው «ፐብሊክ ኪ»፣ ቢሮው በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት «ኢንድፖይንት»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አላውድ አይፒስ»። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ልብ ይበሉልኝ፤ የትኛው አድራሻ በታነሉ በኩል እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት፤ ከሚያስቸግሩዎት ነገሮች ግማሹ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

«አክቲቬት» ሲሉ አረንጓዴ ይበራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዋየርጋርድ አረንጓዴ ማለት «እኔ በኩል ዝግጁ ነኝ» ማለት እንጂ «ቢሮው መለሰልኝ» ማለት አይደለም። የቢሮው ሰርቨር ጠፍቶ እንኳ አረንጓዴው ይበራል። እውነቱን የሚናገረው ከታች ያለው «ትራንስፈር» የሚለው መስመር ነው። ሁለት ቁጥር አለው፦ የተቀበሉት (ሪሲቭድ) እና የላኩት (ሴንት)። ግንኙነት ለመጀመር ኮምፒውተርዎ የሚልከው የመጀመሪያ መልእክት 148 ባይት ነው፤ ምላሽ ካላገኘ በየ5 ሰከንዱ ገደማ ይደግመዋል። ስለዚህ የተቀበሉት 0 ሆኖ የላኩት 148፣ 296፣ 444 እያለ ሲጨምር ካዩ ቢሮው አንድም ቃል አልመለሰም። ምላሽ ከመጣ ግን «ሌተስት ሀንድሼክ» የሚል መስመር ብቅ ይላል፤ በሥራ ላይ ሳሉ ይህ ጊዜ በየሁለት ደቂቃው ገደማ መታደስ አለበት። ከሦስት ደቂቃ አልፎ እየቆጠረ ከቀጠለ ግንኙነቱ ሞቷል።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን ከፍተው ታነሉን አስነሡና የተቀበሉትን ቁጥር ይዩ። እየጨመረ ነው? የሚቀጥለውን ያንብቡ። 0 ላይ ቆሟል? «የተቀበሉት 0 ሆኖ ከቀረ» ወደሚለው ዝቅ ይበሉ።

ቁጥሩ እየጨመረ ፎልደሩ ካልተከፈተ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአድራሻ ግጭት ነው። የቤት ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ይዘውት የሚመጡት አድራሻ ተመሳሳይ ነው፤ በጣም ብዙዎቹ 192.168.1.1 ናቸው። የትንንሽ ቢሮዎች ኔትወርክም ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው እዚያው 192.168.1 ላይ ይቀራል። ቢሮዎ የፋይል ሰርቨሩን 192.168.1.50 ላይ አስቀምጦ ቤትዎም 192.168.1 ከሆነ፣ ሁለት ቀበሌ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር ማለት ነው። ኮምፒውተርዎ 192.168.1.50ን ፈልግ ሲባል እዚሁ ሽምብጥ፣ ሳሎንዎ ውስጥ ይፈልገዋል፤ ያጣዋል፤ «ኔትወርክ ፓዝ አልተገኘም» ይላል።

ግጭቱ በሌላ መልክም ይመጣል፤ ይህም ኢንተርኔቱ ሁሉ የሚጠፋበትን ቀን ሊያብራራ ይችላል። ዊንዶውስ ሁለት እኩል መንገድ ሲያይ አንዱን ይመርጣል። ታነሉን ከመረጠ ለራውተርዎ (192.168.1.1) የሚሄደው ጥያቄ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። ራውተርዎ ደግሞ የድረ ገጽ ስሞችን የሚፈታልዎት እሱ ነው። ስም የሚፈታ ሲጠፋ ብራውዘሩ ምንም አይከፍትም፤ መስመሩ ግን ደህና ነው። ቴሌግራም እየሠራ ጉግል እምቢ የሚልበት ቀን ካለ ይህንን ይጠርጥሩ።

ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ታነሉን ያጥፉ። የዊንዶውስ ምልክትና አር ፊደልን አብረው ይጫኑ፤ ሲኤምዲ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ጥቁሩ መስኮት ላይ አይፒኮንፊግ ብለው ይጻፉ (አንድ ላይ፣ ያለ ክፍተት)። «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን ቁጥር ይያዙ። ከዚያ በዋየርጋርዱ ፋይል «አላውድ አይፒስ» ላይ ያለውን ያስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከተመሳሰሉ አገኙት። ሌላ ፈጣን ፈተና፦ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ነጥለው ከስልክዎ ሆትስፖት ያገናኙት። የስልክ ሆትስፖት የሚሰጠው አድራሻ ከራውተሩ ይለያል፤ በሆትስፖት ፎልደሩ ከተከፈተ ጥፋቱ የቤት ራውተሩ አድራሻ ነው ብለው ይደምድሙ። ዴስክቶፕዎ ዋይፋይ ከሌለው ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ሰክተው «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ያብሩ።

መፍትሔው የቤቱን አድራሻ መቀየር ነው፤ የቢሮውን መቀየር ለአንድ ሰው ሲባል ሃምሳ ሰው ማመስ ይሆናል። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለው ይግቡ (ጌትዌይዎ ሌላ ቁጥር ካሳየ በዚያ)። የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሁዋዌም ይሁን ዜድቲኢ፣ ቲፒሊንክም ቢሆን «ላን» ወይም «ላን ሴቲንግ» የሚል ቦታ አለው። እዚያ 192.168.1.1 የሚለውን 192.168.73.1 ያድርጉት። ሦስተኛው ቁጥር 73 መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ 0፣ 1፣ 8፣ 43፣ 100 እና 137ን ብቻ ይሽሹ። 0 እና 1 የተለመዱት የራውተር አድራሻዎች ናቸው፤ 8 የሁዋዌ ተንቀሳቃሽ ዋይፋዮች፣ 100 የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች፣ 43 የቆዩ የአንድሮይድ ሆትስፖቶች፣ 137 የራሱ የዊንዶውስ ሆትስፖት ነው። «ሰብኔት ማስክ» 255.255.255.0 እንዳለ ይቆይ። እዚያው ገጽ ላይ «ዲኤችሲፒ» (ለየመሣሪያው አድራሻ የሚያድለው) የሚለው መጀመሪያና መጨረሻ አብሮ መቀየር አለበት፤ ለምሳሌ ከ192.168.73.10 እስከ 192.168.73.200። አንዳንዱ ራውተር ራሱ ይቀይረዋል፤ አንዳንዱ አይቀይረውም፤ ካልተቀየረ ቤቱ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» ይላል።

«ሴቭ» ሲሉ ገጹ ደርቆ ይቀራል። አይደንግጡ፤ ራውተሩ አድራሻውን ስለቀየረ በድሮው መልስ አይሰጥም። አንድ ደቂቃ ቆይተው የኮምፒውተሩን ገመድ ነቅለው ይሰኩ ወይም ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩ፤ ከዚያ በኋላ ራውተሩ የሚገኘው 192.168.73.1 ላይ ነው። ቋሚ አድራሻ የተሰጠው ፕሪንተር ወይም ካሜራ ካለዎት እሱም አዲስ ቁጥር ይፈልጋል።

ራውተሩ የአከራይ ሆኖ ለመንካት ካልተፈቀደልዎ ሌላ ዘዴ አለ። በ«አላውድ አይፒስ» ላይ 192.168.1.0/24 የሚለውን አጥፍተው የሚፈልጉትን ሰርቨር ብቻ ለይተው ይጻፉ፦ 192.168.1.50/32። ዊንዶውስ ሁልጊዜ ይበልጥ የተወሰነውን መንገድ ስለሚያስቀድም ለዚያች አንድ አድራሻ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ የቀረው ቤት ውስጥ ይቀራል። በዚያው ግቢ ተከራይ የሆነ ሰው ስልክ 192.168.1.50ን ካልያዘ በቀር ጥሩ ይሠራል። መሥመሩ ላይ የታነሉ የራሱ አድራሻ ካለ (ለምሳሌ 10 ብሎ የሚጀምር) እሱን እንዳይነኩት።

አድራሻው ሳይጋጭ ፎልደሩ እምቢ ካለ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ በስም አይግቡ። ቢሮ ሆነው ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝና የሰርቨሩን ስም ይጽፉ ይሆናል፤ ያ ስም የሚታወቀው በዚያው ሕንፃ ውስጥ በሚደረግ ጥሪ ነው፤ ጥሪው ታነል አይሻገርም። በስሙ ፋንታ የአይፒ ቁጥሩን ይጻፉ። ሁለተኛው የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ለአይቲው ይንገሩት፦ የቢሮው ኮምፒውተር ዶሜይን ውስጥ ካልሆነ የዊንዶውስ ፋየርዎል ፋይል መጋራትን የሚፈቅደው «ሎካል ሰብኔት» ለሚለው፣ ማለትም ለዚያው ኔትወርክ ጎረቤት ብቻ ነው። በቪፒኤን የሚመጣ ሰው ደግሞ ሌላ አድራሻ ይዞ ስለሚመጣ እንደ ባዳ ይቆጠራል። የታነሉ አድራሻ በፋየርዎሉ ሕግ «ስኮፕ» ላይ ይጨመር። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት መፍትሔ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይስሙት።

ፒችትሪ ግን በዚህ መንገድ ባይከፈት ይሻላል

ፎልደሩ ቢከፈት እንኳ ፒችትሪን ቤት ካለው ኮምፒውተር ላይ አስነሥተው የቢሮውን የዳታ ፎልደር በታነል አይክፈቱ። የተሠራው ለአንድ ሕንፃ ኔትወርክ ነው። አንድ ሪፖርት ለማውጣት ከሰርቨሩ ጋር በመቶዎች የሚቆጠር አጫጭር ጥያቄና መልስ ያደርጋል። ቢሮ ውስጥ አንዱ ጥያቄ ሰከንድ አንድ ሺኛ አይፈጅም። በሞባይል መስመር አንዱ ምልልስ 60 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 500 ምልልስ 30 ሰከንድ ይሆናል፤ እርስዎም «ደርቋል» ብለው ይዘጉታል። ዘገምተኛነቱስ ይቻላል፤ የከፋው ግማሽ ላይ ተጽፎ የመቋረጡ ነገር ነው። ጆርናል እየመዘገቡ ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም 4ጂው ቢንገራገጭ የዳታው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ የሚበላሸውም የሁሉም ሰው ፋይል ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ቢሮ ያለው የራስዎ ኮምፒውተር እንደበራ ይቀራል፤ ፒችትሪ እዚያው ይሠራል፤ በታነሉ የሚመጣልዎት ምስሉ፣ የሚሄደው ኪቦርድና ማውሱ ብቻ ነው። ሽምብጥ ላይ መብራት ቢጠፋ አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት መስኮት እንደተከፈተ ይጠብቅዎታል፤ ተመልሰው ሲገቡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም የሚባለው እንግዳ አይቀበልም (የቤትዎ ሆም ቢሆን ግን ችግር የለውም)። ቢሮው ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው ያብሩታል። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ በፓወር ሴቲንግ ላይ «ስሊፕ»ን «ኔቨር» ያድርጉት። የዚያ ቢሮ መብራትም ይሄዳልና በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ አይቲው ያብራልዎት፤ ያለዚያ ጠዋት ላይ የጥበቃ ሠራተኛ እየደወሉ «እባክህ ያቺን ኮምፒውተር አብራልኝ» ማለት ይመጣል። ቤት ሆነው ታነሉን አስነሥተው «ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን» ከፍተው የቢሮውን ኮምፒውተር አይፒ ይጻፉ። የሪሞት ዴስክቶፕ በር (ፖርት) 3389 ነው፤ አይቲው ይህንን በር በቀጥታ ለኢንተርኔት እንዳይከፍተው። ቪፒኤን የተዘረጋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የተቀበሉት 0 ሆኖ ከቀረ

መጀመሪያ ሳይፎን ወይም ሌላ ቪፒኤን ኮምፒውተሩ ላይ በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ካለ ያጥፉት። ሳይፎን በዊንዶውስ ላይ የፕሮክሲ ሴቲንግ ይቀይራል፤ መብራት ድንገት ጠፍቶበት ከተዘጋ ሴቲንጉ እንደተቀየረ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሳይፎን ባይኖርም ብራውዘሩ ምንም አይከፍትም። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ፕሮክሲ ገብተው «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» የሚለውን ያጥፉ።

ቀጥሎ ሰዓቱን ይመልከቱ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይብሳል ያሉት በጣም የሚጠቁመኝ ወደዚህ ነው።

ዋየርጋርድ ግንኙነት ለመጀመር በሚልከው መልእክት ውስጥ ሰዓት ያትምበታል። ሰርቨሩ ከእርስዎ ያየውን የመጨረሻ ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ የቆየ ሰዓት ያለበት መልእክት ሲመጣለት ሌላ ሰው የድሮውን ቀድቶ እንደገና የላከው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ዝም ብሎ ይጥለዋል። የስህተት መልእክት አይልክም። እርስዎ የሚያዩት 0 ብቻ ነው።

ዴስክቶፕ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚጠብቅለት ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት። ዓመታት ያስቆጠረ ኮምፒውተር ላይ ትሞታለች። ከሞተች በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ማዘርቦርዱ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ብራውዘሩ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ጂሜይልና የባንክ ገጽ አልከፍትም ካለ፣ ከታች በቀኝ ያለው ቀን ደግሞ 2012 ወይም 2015 የሚል ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ባትሪዋን መቀየር ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፤ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ሳጥኑን ከፍተው ባትሪዋን ከምትይዘው ትንሽ ብረት ገፋ ሲያደርጉ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገው ይመልሱ። ሲያበሩት ዲሊት፣ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 10 እየነኩ ወደ ባዮስ ይግቡና ቀኑን ያስተካክሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ይህንን አጥብቄ የምለው አለምክንያት አይደለም። ኮምፒውተራቸውን በኛ ዘመን የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ትናንት ትክክለኛውን ሰዓት አይቶ ከነበረ ዛሬ አያስገባዎትም።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 2:30 ሲሆን ኮምፒውተሩን 2:30 ብሎ የሚሞላ ሰው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስሮታል። ከዚህም የሚሸፍጥ አለ። ዊንዶውስ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው ብዙ ጊዜ «ፓስፊክ ታይም» ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ቀጠናውን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ በእጁ አስተካክሎ 8:30 ያደርገዋል። ላይ ላዩን ልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በውስጡ በዓለም አቀፍ ሰዓት 10 ወይም 11 ሰዓት ወደፊት ሮጧል። እንደዚያ ሆኖ አንዴ ከቢሮ ጋር ይገናኛል፤ ሰርቨሩም የወደፊቱን ሰዓት ይመዘግባል። በማግስቱ ዊንዶውስ በራሱ ሰዓቱን ሲያርም ትክክለኛው ሰዓት ለሰርቨሩ «የድሮ» ይሆናል። ጠዋት እምቢ ብሎ ማታ ያለ ማንም ንክኪ የሚሠራ ቪፒኤን ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው። ሰዓቱ ዓመታት ወደፊት ሄዶ ከነበረ ግን መጠበቅ አያዋጣም፤ አይቲው የእርስዎን «ፒር» ከሰርቨሩ አጥፍቶ መልሶ ሲያስገባው የተያዘው ሰዓት ይጠፋል።

ማስተካከያው፦ ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ገብተው ቀጠናውን ናይሮቢ የሚለው ላይ ያድርጉት (አዲስ አበባ የሚል ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማሉ)። «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ»ን ያብሩና «ሲንክ ናው» ይጫኑ።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖም 0 ከሆነ መስመሩን ይጠርጥሩ። ዋየርጋርድ ዩዲፒ በሚባለው የአላላክ ዓይነት ብቻ ነው የሚሄደው፤ የተለመደው በሩ 51820 ነው። አንዳንድ የሆቴልና የካምፓስ ዋይፋይ ይህንን አያሳልፍም። በስልክ ሆትስፖት ሠርቶ በዚያ ዋይፋይ ካልሠራ በእርስዎ በኩል የሚደረግ የለም፤ አይቲው በተጨማሪ ኦፕንቪፒኤን የተባለውን ሌላ ቪፒኤን ተራ ድረ ገጾች በሚሄዱበት በር፣ በቲሲፒ 443፣ ቢዘረጋ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሌላው የ«ኢንድፖይንት» ጉዳይ ነው። በስም የተጻፈ ከሆነ ዋየርጋርድ ስሙን የሚፈታው ታነሉ ሲነሣ አንዴ ብቻ ነው። የቢሮው አይፒ ቋሚ ካልሆነና ከተቀየረ እርስዎ በአሮጌው ላይ ይቀራሉ፤ «ዲአክቲቬት» ብለው እንደገና ሲያስነሡት ይስተካከላል።

የቀሩት

አድራሻው ሳይጋጭም ኢንተርኔቱ ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ «አላውድ አይፒስ» 0.0.0.0/0 ተብሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ያ ማለት ሁሉም ነገር በቢሮው በኩል ይሂድ ማለት ነው። እርስዎ ዩቱብ ሲከፍቱ ቪዲዮው አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ደርሶ ነው የሚመጣው፤ ቢሮው ለውጭ ትራፊክ ካልፈቀደ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ከዚህ ሴቲንግ ጋር «ብሎክ አንታነልድ ትራፊክ» የምትል ሳጥን አለች፤ ምልክት ካለባት ታነሉ ቢሞትም በሌላ መንገድ መውጣት አይቻልም። ቢሮው በመመሪያ ካላስገደደ አይቲውን «የቢሮውን አድራሻዎች ብቻ አድርግልኝ» ይበሉት። ለእርስዎ ፓኬጅም ይሻላል፤ ለቢሮው መስመርም።

ትንንሹ እየሠራ ትልቁ ከደረቀ፣ ማለትም ፎልደሩ ተዘርዝሮ ፋይሉ ሲከፈት ከቆመ፣ ነገሩ የፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) መጠን ነው። ዋየርጋርድ በራሱ 1420 ይጠቀማል፤ ከታች ያለው መስመር ጠበብ ያለ ከሆነ ትልልቁ ፓኬት መንገድ ላይ ይወድቃል። «ኢንተርፌስ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ኤምቲዩ፣ የእኩል ምልክት፣ 1280። በእርስዎ በኩል ብቻ ማድረጉ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

ለጥቂት ደቂቃ ዝም ካሉ በኋላ ግንኙነቱ የሚሞት ከሆነ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 መሆኑን ያረጋግጡ። በየ25 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ዳታ ይበላል ብለው አይስጉ፤ አንዷ ፓኬት 60 ባይት ናት፤ ቀን ከሌት ቢበራ በ24 ሰዓት 0.2 ሜጋባይት ገደማ ነው። የ4ጂ ራውተርዎን ግን ከቆርቆሮ ጣሪያና ከብረት በር ራቅ አድርገው መስኮት ላይ ያስቀምጡት፤ ቆርቆሮ ሲግናል ያስቀራል።

ስለ ፋይሉ። ውስጡ ያለው ፕራይቬት ኪ የይለፍ ቃል የማይጠይቅ የቢሮ ቁልፍ ነው፤ ያገኘው ሰው ሁሉ እርስዎን ሆኖ ይገባል። ዋየርጋርዱ ሲጫን የራሱን ቅጂ አመስጥሮ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለው ፎልደር ውስጥ የቀረውን ያጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉ፤ ቻቱ ላይ ያለውንም ከሁለታችሁም ወገን ይሰርዙ። ላኪው በግሩፕ ልኮት ከነበረ አዲስ ቁልፍ ያስፈልጋል። ያንኑ ፋይል ላፕቶፕ ላይ ደግመው አይጫኑት፤ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ሰርቨሩ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው ይመልሳል፤ ሁለቱም እየቆራረጡ ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ፋይል ይጠየቃል።

ሲጨርሱ «ዲአክቲቬት» ይበሉ። እንደበራ ከተዉት ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ታነሉም አብሮ ይነሣል፤ በልጆች አካውንት ሲገባም ጭምር። ከፍላሽ የመጣ ጌም ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ቢሮ ድረስ መንገድ ያገኛል ማለት ነው። ለልጆቹ የተለየ፣ አድሚን ያልሆነ አካውንት ይክፈቱላቸው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ቆሞለታል፤ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 ማሳደግ፣ ካልቻለ ለአይቲው ማሳወቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልሠራ ለአይቲው «እምቢ አለኝ» ብቻ ብለው አይጻፉ። አራት ነገር ይላኩለት፦ የ«ትራንስፈር» መስመሩን ሁለት ቁጥሮች፣ ታነሉ ጠፍቶ ሳለ አይፒኮንፊግ ያሳየውን ጌትዌይ፣ በስልክ ሆትስፖት ሞክረው ያገኙትን ውጤት፣ እና ዋየርጋርዱ ላይ «ሎግ» የሚለውን ገጽ ያስቀመጡትን ፋይል። ስክሪንሾት ሲያነሡ የ«ኤዲት» መስኮቱ ተከፍቶ ፕራይቬት ኪው እንዳይታይ ይጠንቀቁ።